ከስትሮክ በኋላ የግራ በኩል እይታዬ ሲጠፋ፦ ያለፍኩበትና የረዳኝ

ስትሮክ ሲባል ብዙዎቻችን የምናውቀው አፍ ሲጣመም፣ እጅና እግር ሲዝል፣ ምላስ ሲተሳሰር ነው። እኔን እንደዚያ አልያዘኝም። እጄም እግሬም ደህና ነበሩ። አፌም አልተጣመመም። የጠፋብኝ እይታዬ ነው። እሱም ሙሉ በሙሉ ሳይሆን በግራ በኩል ያለው ግማሹ ብቻ። ይህን የምጽፈው እንዲህ ዓይነት ስትሮክ መኖሩን ብዙ ሰው ስለማያውቅ ነው። ባለማወቅ የሚባክነው ሰዓት ደግሞ በኋላ አይገኝም። ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ እንዴት እንደሚነበብ፣ እንዴት መንገድ እንደሚሻገር የሚነግር ሰውም ብዙ የለም።

የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ሥራዬ ሂሳብ ነው። ሲጀምረኝ 44 ዓመቴ ነበር። ቢሮ ቁጭ ብዬ የክፍያ ሰነድ እያመሳከርኩ 18,450 የሚለውን 450 ብዬ አነበብኩት። ደግሜ አየሁት፣ ያው 450 ነው። አጠገቤ የምትሠራው ልጅ «እትዬ፣ አሥራ ስምንት ሺህ እኮ ነው» አለችኝ። ወረቀቱን ወደ ቀኝ ገፋ ሳደርገው አሥራ ስምንቱ ብቅ አለ። ከኋላ፣ ከማጅራቴ ከፍ ብሎ በቀኝ በኩል ራሴን ይወጋኝ ነበር።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ጨለማ አላየሁም። ግማሽ እይታ ጠፋ ሲባል ሰው ጥቁር መጋረጃ ይመስለዋል። ጥቁር ነገር የለም። ከጀርባችሁ ያለው ግድግዳ ጥቁር ሆኖ እንደማይታያችሁ ሁሉ፣ የጠፋውም ወገን ዝም ብሎ የለም። ለዚህ ነው ሰው ቶሎ የማያውቀው። በር ሲገጨው፣ ብርጭቆ ሲደፋ፣ «ዛሬ ምን ነካኝ» ብሎ ያልፈዋል።

ያን ሰዓት የግራ ዓይኔን በመዳፌ ሸፍኜ ሰነዱን አየሁ። ቀጥሎ የቀኙን ሸፈንኩ። በሁለቱም ያው ግራው የለም። ትርጉሙን ያኔ አላወቅኩም፣ አሁን ግን ላገኘሁት ሰው ሁሉ የምናገረው ይሄንን ነው። የጎደለው በአንድ ዓይን ብቻ ከሆነ ችግሩ እዚያው ዓይን ላይ ወይም ከዓይኑ በሚነሳው ነርቭ ላይ ሊሆን ይችላል። በሁለቱም ዓይን አንድ ወገን ከጠፋ ግን ችግሩ ከዓይን ኋላ፣ አንጎል ውስጥ ነው። ዓይን ብርሃኑን ይቀበላል እንጂ የሚያየው አንጎል ነው፤ እሱም ከኋላ ባለው ክፍሉ። የቀኙ አንጎል ከፊታችን በግራ ያለውን ያያል፣ የግራው ደግሞ በቀኝ ያለውን። እኔ በቀኝ በኩል ወደ ኋላ የሚሄደው የደም ሥር ስለተዘጋ የሁለቱም ዓይኖቼ የግራ ወገን ጠፋ። ሐኪሞቹ ሄሚያኖፒያ ይሉታል።

የሥራ ባልደረቦቼ ደንግጠው መጀመሪያ የወሰዱኝ ቅርብ ወዳለ መነጽር ቤት ነው። ማን ይፈርድባቸዋል፣ የዓይን ነገር ነው ብለው ነው። እዚያ ፊደል አስቆጠሩኝና ቁጥርዎ ትንሽ ተቀይሯል ተባልኩ። ቀጥለን ዓይን ክሊኒክ ሄድን። እዚያ ያገኘኋት ወጣት ሐኪም ገና ስነግራት ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። «አፍንጫዬን ይዩ» አለችኝ። እጆቿን ግራና ቀኝ ዘርግታ ጣቶቿን ታነቃንቅና «ስንት ነው?» ትለኛለች። በቀኝ ያለውን ሁሉ ቆጠርኩ። በግራ በኩል እጇን መዘርጋቷንም አላወቅኩም። መሣሪያ የለ፣ ምን የለ፤ ደቂቃም አልፈጀም። ወዲያው «ዓይንዎ ጤነኛ ነው፣ አሁኑኑ ሲቲ ስካን ያለበት ሆስፒታል ይሂዱ» ብላ ጽፋ ሰጠችኝ። ስልክ አንስታም ደወለችልን።

ሲቲ ስካኑ ስትሮኩ ደም በመፍሰስ የመጣ አለመሆኑን አሳየ። የደም ሥር የዘጋ የረጋ ደም ነው ማለት ነው። ይህን መለየት ግድ ነው፣ ምክንያቱም ለአንዱ የሚሰጠው መድኃኒት ሌላውን ሊገድለው ይችላል። የረጋውን ደም የሚያሟሟ መርፌ አለ። በአብዛኛው የሚሰጠው ግን ምልክቱ ከጀመረበት እስከ 4 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። እኔ ሲቲ ስካኑ ተነስቶ እስኪነበብ ሰዓቱ አልፎ ነበር። በኤምአርአይ ሲታይ ከኋላ በቀኝ በኩል የተጎዳው ቦታ ቁልጭ ብሎ ወጣ።

ስለዚህ የምለምናችሁ፣ እይታ በድንገት ከተቀየረ ስትሮክ ነው ብላችሁ ጀምሩ። ግማሹ ቢጠፋ፣ አንድ ነገር ድንገት ሁለት ሆኖ ቢታይ፣ አንድ ዓይን ያለምንም ሕመም ድንገት ቢጨልም፣ ሁሉም ያው ነው። በደቂቃዎች ውስጥ ተመልሶ ቢስተካከል እንኳ «ተሻለኝ» ተብሎ አይተኛም። ዋናው ስትሮክ ሊከተል ስለሚችል በዚያው ቀን መታየት አለበት። ቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። አምቡላንስ ከዘገየ በተገኘው መኪና ሂዱ። ከመሄዳችሁ በፊት ሲቲ ስካኑ እየሠራ መሆኑን በስልክ ጠይቁ። ከአንዱ ወደ ሌላው መመላለስ ነው ሰዓቱን የሚበላው። ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓት ደግሞ ጻፉት። የመጀመሪያው የሐኪም ጥያቄ እሱ ነው።

አገራችን ውስጥ አፍ ሲጣመም «ምች መታው» ይባልና ዳማከሴ ይታሻል። ዳማከሴውን አልጠላም፣ እኔም እናቴ ቤት ያደግኩበት ነው። ግን ዳማከሴ እየታሸ የሚያልፈው ያው 4 ሰዓት ተኩል ነው። መጀመሪያ ሆስፒታል፣ ሌላው በኋላ ይደርሳል።

ምክንያቱን ሲፈልጉ ፈጽሞ ያልጠረጠርኩት ቦታ ተገኘ፦ ልቤ ላይ። ደም ግፊትም ስኳርም የለብኝም። ኢሲጂ የሚባለው የልብ ምት ምርመራ ሲነሣ የልቤ ምት የተዘበራረቀ ነው። ኤኮ የሚባለው የልብ አልትራሳውንድ ሲሠራ አንዱ የልቤ ቫልቭ፣ ማለትም የደም ማሳለፊያው በር፣ ጠቧል። «በልጅነትዎ ጉሮሮዎን ያመዎት ነበር?» አለኝ ሐኪሙ። እንዴት አያመኝ! ቶንሲል ያልያዘኝ ክረምት ትዝ አይለኝም። እንዲህ ነው የሚሆነው፦ በደንብ ያልታከመ የባክቴሪያ ቶንሲል በአንዳንድ ልጆች ላይ የሩማቲክ ትኩሳት ያስነሳል። እሱ የልብ ቫልቭን ይጎዳል። ጉዳቱ ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ይቀመጣል። ቫልቩ ሲጠብ ልብ ይለጠጣል፣ ምቱ ይዛባል፣ ያልተንቀሳቀሰው ደም ይረጋል። ያ የረጋ ደም አንድ ቀን ተነቅሎ ወደ አንጎል ይሄዳል። ስትሮክ የሽማግሌ በሽታ ይመስለን ነበር። በአገራችን ግን በዚህ መንገድ ገና በጉልምስናቸው፣ እንዲያውም በወጣትነታቸው የሚያዙ ብዙ ናቸው።

መጀመሪያ አስፕሪን ተሰጠኝ። ከቀናት በኋላ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ዋርፋሪን የሚባል መድኃኒት ተጀመረልኝ። ስለ ዋርፋሪን ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ልናገር፣ ምክንያቱም ዕድሜ ልክ የሚዋጥ ነው። የጠፋውን እይታ አይመልስም። የሚከላከለው ቀጣዩን ስትሮክ ነው። ለእኔ የቀረኝን ግማሽ መጠበቂያ ማለት ነው። ደም የመርጋት አቅሙን አይኤንአር በሚባል የደም ምርመራ እየለኩ መጠኑን ያስተካክላሉ። የእኔ ከ2 እስከ 3 ባለው ውስጥ መሆን አለበት። ከ2 ካነሰ ደም ሊረጋ ይችላል፤ ከ3 በጣም ካለፈ መድማት ይመጣል። ድድ መድማት፣ ያለ ምክንያት መበለዝ፣ ጥቁር ሰገራ ካያችሁ ቀጠሮ አትጠብቁ።

የጾም ጊዜ ላይ ይሄ ነገር አስቸገረኝ። ጎመንና ቆስጣ ቫይታሚን ኬ አላቸው፣ እሱም የዋርፋሪንን ሥራ ያዳክማል። ሁዳዴ ሲገባ ቤታችን ጎመን ከገበታ አይጠፋም። አይኤንአሬ ወረደ። ሐኪሙ «ጎመን ይተዉ» አላለኝም። «መጠኑን ዓመቱን ሙሉ ተመሳሳይ ያድርጉት፣ በጾም ብዙ በፍስክ ምንም አይሁን» አለኝ። አሁን በጾምም በፍስክም በልክ እበላለሁ፣ ጾም ሲገባና ሲወጣም እለካለሁ። መድኃኒቱን የምወስደው ማታ ስለሆነ ከጾሙ ሰዓት ጋር አይጋጭም። ራስ ምታት ወይም ወገብ ሲያማችሁ ከፋርማሲ ዲክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ገዝቶ መዋጥ ግን ከዋርፋሪን ጋር አይሆንም። ልጅ የመውለድ ሐሳብ ያላት ሴት ደግሞ ከማርገዟ በፊት ለሐኪሟ ትንገር፣ ዋርፋሪን ጽንስ ይጎዳል። አይኤንአር የማይጠይቁ አዳዲስ መድኃኒቶች አሉ፣ ዘመድ ከውጭ ልላክልሽ ይላል። ቫልቭ ለጠበበበት ሰው ግን እንደዚያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ፣ አፍሪካን ጨምሮ በብዙ አገሮች የተሠራ ጥናት የሩማቲክ ልብ ሕመም ላለበትና ምቱ ለተዛባበት ሰው የዋርፋሪን ዓይነቱ ከአዲሱ የተሻለ መሆኑን አሳይቷል። ሐኪማችሁን ሳትጠይቁ አትቀይሩ።

አሁን ብዙ ሰው የሚደብቀውን ልንገራችሁ። ከሆስፒታል በወጣሁ ሰሞን በጠፋው በግራዬ በኩል ነገር ይታየኝ ጀመር። አንዳንዴ ባለቀለም ቅርጽ ነው፣ እንደ ጥልፍ ያለ። አንዳንዴ ሕፃናት ናቸው፣ ዝም ብለው የቆሙ። ድምፅ የላቸውም። ዞር ስል ይጠፋሉ። ለማን እነግራለሁ? አበደች እባላለሁ አልኩ። አክስቴ ስትሰማ ዓይነ ጥላ ነው አለች። የነርቭ ሐኪሙ ግን ምንም አልገረመውም። ከዓይን መረጃ የማይደርሰው የአንጎል ክፍል ባዶውን ቦታ ከራሱ እያወጣ ይሞላዋል፣ እብደትም አይደለም፣ ብዙ ጊዜ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል አለኝ። እንዳለውም ቀስ በቀስ ጠፋ። ከእይታው ጋር ራስን መሳት ወይም የአካል መንቀጥቀጥ ካለ ግን የሚጥል በሽታ ሊሆን ስለሚችል ይነገር። እናቴ ጠበል እንሂድ አለችኝ፣ ሄድኩ። አምናለሁና ደስ ብሎኝ ነው የሄድኩት። ዋርፋሪኔን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ነበር፣ አንድም ማታ አላቋረጥኩም።

ታዲያ እይታው ይመለሳል ወይ? የሁሉም ሰው ጥያቄ ይሄ ነው፣ የእኔም ነበር። ከሚመለሰው አብዛኛው የሚመለሰው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው። ከ6 ወር በኋላ በራሱ ብዙ አይመለስም። አንዳንዱ ሙሉ በሙሉ ይመለስለታል፣ አንዳንዱ በከፊል፣ አንዳንዱ ምንም። ለእኔ ከላይ በግራ በኩል ትንሽ ተመልሶልኛል። ይህን ያወቅኩት በስሜት ሳይሆን በምርመራ ነው። የእይታ ክልል መለኪያ መሣሪያ አለ። አገጫችሁን አስደግፋችሁ ወደ ነጭ ጎድጓዳ ነገር ታያላችሁ። መሐል ያለችውን ነጥብ እያያችሁ ዙሪያውን ትንንሽ መብራት ብልጭ ሲል ቁልፍ ትጫናላችሁ። ያደክማል፣ ዓይን ያስለቅሳል። ሲያልቅ ያያችሁት ነጭ፣ ያላያችሁት ጥቁር ሆኖ በወረቀት ይወጣል። ያን ወረቀት አትጣሉት። ለሚቀጥለው ማወዳደሪያ ነው። ለመሥሪያ ቤትም ማስረጃ ይሆናል፣ ምክንያቱም ዓይናችሁ ከውጭ ሲታይ ምንም የለበትም።

ጠብታ፣ ቫይታሚን፣ ካሮት፣ አዲስ መነጽር፣ ሁሉንም መክረውኛል። የሚጠቅም ቢሆን ኖሮ ቀድሜ እናገር ነበር። ዓይኑ ጤነኛ ነው፣ የተጎዳው አንጎል ነው፣ ጠብታ እዚያ አይደርስም። ገንዘባችሁን ለአይኤንአርና ለክትትል አስቀምጡት። የሚረዳው አንድ ነገር ሥልጠና ነው። ዓይንን ወደጠፋው ወገን መወርወር ማስለመድ። የጠፋውን ባይመልስም፣ ያለውን እይታ ወደ ጠፋው ቦታ ቶሎ ቶሎ እየወሰዱ ኑሮን ይመልሳል።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው እንዲህ አለኝ፦ «ዓይንዎን መጀመሪያ በአንዴ እስከ ግራው ዳር ይውሰዱት። ከዚያ መልሰው ወደ ቀኝ ይጥረጉት።» ሰው እይታው ሲጠፋ የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው። ካለው እይታ ጫፍ ተነስቶ በትንሽ በትንሹ ወደ ግራ ይዳብሳል። ያ ቀርፋፋ ነው፣ የሚመጣውንም በጊዜ አያሳይም። ትልቁ ዝላይ ነው የሚፈለገው፣ ከሚያስፈልገው በላይ አልፎ የሚሄድ። ዓይን ይቅደም፣ ራስ ይከተል።

እናቴ ይህን ስትሰማ ሰፌድ አወጣች። ምስር ዘርግፋ «በይ ልቀሚልኝ» አለች። የሰፌዱ ግራ ጠርዝ ላይ ቀይ ክር አሰረችበት። ደንቡ ክሩን ሳላይ ምንም እንዳልነካ ነው። ከክሩ እነሳለሁ፣ ወደ ቀኝ እየጠረግኩ ጠጠርና እንክርዳድ አወጣለሁ፣ እንደገና ወደ ክሩ እዘላለሁ። መጀመሪያ ሰሞን በቀኝ ያለው ምስር ጥርት ብሎ ተለቅሞ በግራ ያለው እንዳለ ነበር። እናቴ ምንም ሳትል ሰፌዱን ታዞረዋለች። ያኔ ያልለቀምኩት በሙሉ በቀኜ ይመጣል፣ እኔም አየዋለሁ። ራሴ ባይኔ ማየቴ ከሐኪሙ ገለጻ ሁሉ የበለጠ አስተማረኝ። ሲደክመኝ አቆማለሁ። በቀን ሁለት ሦስቴ ትንሽ ትንሽ ይሻላል፣ ረጅም ከተቀመጡ ራስ ያዞራል። ምስር ከሌለ የካርታ መጫወቻ ጠረጴዛ ላይ በትኖ አንድ ቁጥር መፈለግም ይሆናል። ልጄ ደግሞ የለንደኑ ዩሲኤል ዩኒቨርሲቲ የሠራውን አይ-ሰርች የሚባል የኮምፒውተር ልምምድ አወጣልኝ። በነጻ ነው ያገኘነው፣ ለዚሁ ችግር የተዘጋጀ ነው። እንግሊዝኛ ስለሆነ የሚያስረዳ ሰው አጠገባችሁ ይሁን።

ውጭ አገር ላላችሁ ሌላም አማራጭ አለ። ቦስተን ውስጥ ዶክተር ኤሊ ፔሊ የሠሩት ፕሪዝም አለ። መነጽሩ ላይ በጠፋው ወገን ከላይና ከታች የሚለጠፍ ነው። ከጠፋው በኩል ያለውን ምስል አምጥቶ በሚያየው ክፍል ላይ ያሳርፈዋል። ለመልመድ ልምምድ ይጠይቃል፣ ሁሉም ሰው አይወደውም። በእግር ሲሄዱ እንቅፋት ለማወቅ የሚረዳቸው ግን አሉ። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያላችሁ የስትሮክ ማገገሚያ ውስጥ ስትገቡ የእይታ ሕክምና ይካተትልኝ በሉ። ካልጠየቃችሁ እጅና እግር ብቻ ታይቶ ልትሸኙ ትችላላችሁ።

ወደ ሥራ ስመለስ ያስፈራኝ ቁጥር ነበር። አማርኛም ቁጥርም ከግራ ነው የሚጀምረው። ለእኔ የሚጠፋኝ መጀመሪያው ነው፣ ትልቁ አሃዝ ያለበት። 18 ሺህ ሲጠፋ ቀልድ አይደለም። ኤክሴል ላይ ከሁሉም ዓምድ በስተግራ አንድ ባዶ ዓምድ አስገብቼ ደማቅ ቢጫ ቀባሁት። ቢጫውን ካላየሁ ረድፉ አላለቀም ማለት ነው። መስኮቱን ራሱን አጥብቤ ወደ ስክሪኑ ቀኝ ወሰድኩት። ወረቀት ላይ በግራ ጠርዝ ቀይ መስመር አሰምራለሁ፣ ከማነበው መስመር ሥር ማስመሪያ አስቀምጣለሁ። አንድ መስመር ጨርሼ ወደ ሚቀጥለው ስመለስ የምጠፋው እዚያ ላይ ነውና ማስመሪያው ይይዘኛል። ድምርን ሁልጊዜ በሌላ ሰው አስመሳክራለሁ። አለቃዬ ይህን ሁሉ ሲያይ ጠረጴዛዬን አዞረልኝ፣ በሩና ሰው የሚመጣበት በቀኜ ሆነ። ትንሽ ነገር ይመስላል። ቀኑን ሙሉ ከመደንገጥ ግን አዳነኝ።

የጠፋው በቀኝ በኩል የሆነባችሁ ንባቡ ሌላ ዓይነት ነው የሚያስቸግራችሁ። የመስመሩ መጀመሪያ ይገኛል፣ የሚቀጥለው ቃል ግን አይታይም፣ ስለዚህ ፊደል በፊደል ይሆናል። ጣት ወይም ባለቀለም ወረቀት ከሚነበበው ቀድሞ በቀኝ በኩል መሄድ ይረዳል። ገጹን ወደ ጎን አዙሮ ከላይ ወደ ታች ማንበብ የቀለላቸውም አሉ። በንግግርም ቃል የሚጠፋችሁ ከሆነ የግራው አንጎል የንግግሩም ቤት ስለሆነ ለሐኪም ንገሩ።

መንገድ ላይ የግራው ማጣት ክፉ ነው። አገራችን ውስጥ መኪና የሚነዳው ቀኙን ይዞ ነው። ከእግረኛ መንገድ ስትወርዱ መጀመሪያ የሚመጣባችሁ መኪና ከግራ ነው። እኔ የማላየው ማለት ነው። ሜክሲኮ አደባባይ ዜብራ ላይ ቆሜ መንገዱ ባዶ ነው ብዬ እግሬን ሳነሳ አንድ የማላውቀው ሰው በነጠላዬ ጎተተኝ። አውቶቡሱ ከአፍንጫዬ ሥር አለፈ። ከዚያ ወዲህ ሙሉ ሰውነቴን ወደ ግራ አዙሬ ሳላይ አልወርድም። ዝም ብሎ ራስን ዞር ማድረግ አይበቃም። ሰው ካለ ከሰው ጋር እሻገራለሁ፣ አብሮኝ የሚሄድ ሰው ሁልጊዜ በግራዬ ይሆናል። ታክሲ ውስጥ በግራ በኩል ያለውን የመስኮት ወንበር እይዛለሁ። ሰዉም ረዳቱም በሩም በቀኜ ይሆናሉ፣ ማንም ሳላየው አይመጣብኝም። ቤተ ክርስቲያን ሴቶች የምንቆመው በስተቀኝ ስለሆነ መቅደሱ በግራዬ ይቀርብኛል። ትንሽ አዞር ብዬ እቆማለሁ። መኪና መንዳት ግን ተከልክያለሁ። ቪትዟን ሸጥኳት። ይህ ያስለቅሳል፣ አለቀስኩም። ሆኖም በዚህ ላይ ድርድር የለም። «ለምጄዋለሁ» እያለ የሚነዳ ሰው ቤታችሁ ካለ ቁልፉን ውሰዱበት፣ ከግራው የሚመጣው ሕፃን አይታየውም።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ሰላምታው ነው። ጎረቤት በግራዬ አልፎ «እንደምን ዋልሽ» ይላል፣ አላየሁትም፣ ድምፁም ለእኔ አይመስለኝም። እጅ ይዘረጋል፣ አልጨብጥም። ሰፈር ውስጥ «ከታመመች ወዲህ ኮራች» ተባለ። ባለቤቴ ሰምቶ መጥቶ ነገረኝ። በሚቀጥለው የዕድር ስብሰባ ተነስቼ ተናገርኩ፦ «በግራዬ ያለውን አላይም፣ ስሜን ጥሩኝ፣ በቀኜ ኑልኝ።» ከዚያ ጀምሮ ልጆቹ ሳይቀሩ ዞረው በቀኜ ይመጣሉ። ቤት ውስጥ ደግሞ ጉርሻ ነበር ጣጣው። ከግራ በድንገት እጅ አፌ ላይ ሲደርስ እንደነግጣለን፣ እኔም አጉራሹም። አሁን «እንቺ» ይሉኛል መጀመሪያ። ትሪው ላይ በግራዬ ያለው ወጥ ሳይነካ ሲቀር ልጄ «እማዬ፣ ግራ» ይላል እንጂ አዙሮ አያቀርብልኝም፣ እንድለምድ።

ቤተሰብ ልብ ሊለው የሚገባ ልዩነት አለ። እኔ ግራዬ እንደጠፋ አውቃለሁ፣ ስለዚህ ልሠለጥን እችላለሁ። አንዳንድ በቀኝ አንጎላቸው ስትሮክ የያዛቸው ሰዎች ግን ግራ የሚባል ነገር መኖሩን ይረሱታል። ፊታቸውን በቀኝ ብቻ ይላጫሉ፣ የግራ እጅጌያቸውን ሳይለብሱ ይወጣሉ፣ ሲነገራቸውም አይቀበሉም። ይሄ ችላ ማለት ወይም እልህ አይደለም፣ ሌላ ዓይነት የአንጎል ጉዳት ነው፣ ሕክምናውም ለብቻው ነው። አትቆጧቸው።

ድካሙን ማንም አልነገረኝም ነበር። እስከ ቀትር ድረስ ደህና እሠራለሁ፣ ከዚያ አንጎሌ ይዘጋል። ለወራት መነሳት ያስጠላኝ፣ ከሰው መሸሽ ያማረኝ ጊዜም ነበር። ሐኪሙ ከስትሮክ በኋላ የሚመጣ ድብርት መሆኑን፣ መታከም የሚችል መሆኑን ነገረኝ፣ ታክሜም ቀለለኝ። ቤታችሁ ያለ የስትሮክ ሰው ዝም ካለ «አመሉ ተቀየረ» ብላችሁ አትተዉት።

ሐኪሙ ስለ ቶንሲሉ ከነገረኝ በኋላ ቤተሰቡን ሁሉ መጠየቅ ጀመርኩ። የእህቴ ልጅ 13 ዓመቷ ነው፣ ጉሮሮዋን ደጋግሞ ያማታል፣ አንድ ሰሞንም ጉልበቷና ቁርጭምጭሚቷ አብጦ ነበር። ጉሮሮና መገጣጠሚያ ተከታትለው ሲያሙ የሩማቲክ ትኩሳት ሊሆን ይችላል። ኤኮ አስነሣናት። አንዱ ቫልቭ በደንብ አይገጥምም፣ ጥቂት ደም ያሳልፋል። ገና ቀላል ነው፣ እንዳይብስ የሚያደርግ ነገር አለ፦ በየ4 ሳምንቱ የሚወሰድ ቤንዛታይን ፔኒሲሊን መርፌ፣ ለዓመታት። መርፌው ያማል፣ ልጅቷም ትጠላዋለች። እናቷ ሥራ ስለማይመቻት የምወስዳት እኔ ነኝ። እሷ በግራዬ ትሄዳለች።